ጌም ወታደር ማሠልጠን ይችላል?

በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ጉግስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም ሩቅ አይደለም። አንዱ ፈረሰኛ ይሸሻል፤ ሌላው እያባረረ ዘንግ ይወረውርበታል፤ ሸሹ በጋሻው ይመክታል። ዘንጉ ስለት የለውም እንጂ የጦር ምትክ ነው። በድሮ ጊዜ ጉግስ ከጨዋታነቱ በተጨማሪ ፈረሰኛው ለጦርነት የሚሠለጥንበትም ነበር። እውነተኛውን ነገር እንዲህ በአምሳያው መለማመድ ዛሬ ሲሙሌሽን ይባላል።

በቴክኖሎጂውም ዓለም ጨዋታና ሥልጠና ጎረቤት ናቸው። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የአብራሪዎች መለማመጃ ሲሠራ የተጠቀመው በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ያሉትን ወናፎች ነው። መጀመሪያ የገዙት መዝናኛ ፓርኮች ነበሩ! የአሜሪካ ጦር የገዛው በ1934፣ ፖስታ የሚያመላልሱ አብራሪዎቹ በመጥፎ አየር እየተከሰከሱ ካለቁበት በኋላ ነው።

በ1996 ደግሞ የአሜሪካ ማሪኖች «ዱም 2» የተባለውን ጌም ወስደው ጭራቆቹን በወታደሮች ተኩ፤ አራት አራት እየሆኑም ተለማመዱበት። በ2001 የወጣው የቼኮቹ «ኦፕሬሽን ፍላሽፖይንት»ም «ቪቢኤስ» ለተባለ የጦር ማሠልጠኛ መሠረት ሆነ።

ለምን ጌም ተመረጠ? ምክንያቱም ከባዱ ሥራ አልቋል። የጌሙ ሞተር፣ ማለትም ከሥዕሉ ጀርባ ያለው ፕሮግራም፣ ብርሃኑን፣ ድምፁን፣ የጥይቱን መንገድ ያሰላል፤ ብዙ ተጫዋቾችንም በኔትወርክ ያገናኛል። ጦሩ ካርታውንና መሣሪያውን ይቀይርና ያለ ነዳጅ፣ ያለ ጥይት፣ መቶ ጊዜ ይደጋግመዋል። በተለይ መነጋገርንና ቶሎ መወሰንን ለመለማመድ ይጠቅማል።

ግን ልብ በሉ፦ ሲሙሌሽን የሚያስተምረው የተጫነበትን ብቻ ነው። በአንዳንድ ጌም ከእንጨት በር ጀርባ የተደበቀ ሰው አይመታም፤ በእውኑ ግን ጥይት በሩን በስቶ ያልፋል። በስክሪን ይህን የለመደ ሠልጣኝ የተማረው የሚገድለውን ልማድ ነው። የመሣሪያው ክብደት፣ ድካሙ፣ ፍርሃቱም በስክሪን የሉም። የሞተም ጨዋታውን እንደገና ይጀምራል። ተኩስ ከቤቱ ደጅ የሰማ ልጅ ይህን ልዩነት ማንም አያስረዳውም፤ ያውቀዋል።

ደስ የሚለው፣ ይኸው ሞተር ለጦርነት ብቻ የተሠራ አይደለም። የእሳት አደጋ ሠራተኛም ሐኪምም ይለማመድበታል። «አንሪል»ና «ዩኒቲ» የተባሉት የጌም ሞተሮች ለጀማሪ በነፃ ይገኛሉ። እናንተ ብትሠሩበት ምን ታለማምዱ ነበር?