የእጅ ሥራ ክብር

ማለዳ ተነሥተን ወደየሥራችን ስንሄድ፣ እግራችን ደርሶ ልባችን ከቤት የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው። የዚህ ድካም ምንጩ ምን እንደ ሆነ፣ መድኃኒቱስ ከወዴት እንደሚገኝ ዛሬ እንመርምር።

አንደኛው ምንጭ የሰው ንቀት ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራውም፣ ሁላችን በምንጠቀምበት ሥራቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። አዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን የሚያቀናው ግን የእግዚአብሔር ቃል ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን የሞላበት ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። እንግዲህ እርሱ ያከበረውን እጅ የምንንቅ እኛ ማን ነን?

ሁለተኛው ምንጭ መታከት ነው። የትናንቱ ሥራ ዛሬም፣ የዛሬውም ነገ ይመለሳልና ልብ ይዝላል። ታላቁ አባ እንጦንስ በግብፅ በረሃ ሳለ ይህ መታከት ቢያስጨንቀው ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ከዚያም እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ሲጐነጕን አየ፤ ያም መልአክ ነበር። ልብ እንበል፤ መልአኩ ሥራውን በጸሎት አጠገብ አኖረለት እንጂ ከሥራው አላሳረፈውም።

ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ያስተምር ነበር። በቈላስይስ ለነበሩት አገልጋዮች ሲጽፍ፣ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደሚሠሩ አስበው ከልባቸው እንዲሠሩ መከራቸው። ወዲያውም ጌቶቻቸው የሚገባውን በቅንነት እንዲሰጧቸው አዘዘ። ስለዚህ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀር አሠሪ ይህን ትምህርት መሸሸጊያ ሊያደርገው አይቻለውም፤ የተከለከለ ደመወዝ እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ መስክሯልና።

ምእመናን ሆይ! ነገ መሣሪያችንን ስናነሣ አስቀድመን በትእምርተ መስቀል እናማትብ፤ ይህ ሥራ ማንን እንደሚያለብስ፣ ማንን እንደሚያበላ እናስብ። ጎረቤታችንንም በሥራው ከመስደብ እንከልከል፤ የእኛ ስድብ የእርሱን ክንድ ያዝላልና። የእጃችንን ሥራ አምላካችን ይባርክልን፤ አሜን።