‘ሽሪምፕ እና ግሪትስ’ ያለ በቆሎ፡ ማን ያስፈልገዋል? እንዴትስ ይሠራል?

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይም በሳውዝ ካሮላይና እና በጆርጂያ የባሕር ዳርቻዎች፣ ‘ሽሪምፕ እና ግሪትስ’ ከቤት እስከ ምግብ ቤት የሚወደድ ምግብ ነው። ግሪትስ ተከክቶ በውኃ ወይም በወተት ቀስ ብሎ የሚበስል በቆሎ ነው። ቅንጬ ወይም ገንፎ ለለመደ ሰው መልኩም ሆነ ልስላሴው እንግዳ አይሆንበትም። በላዩ ላይ በቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርት እና ብዙ ጊዜም በአሳማ ሥጋ ስብ የተጠበሰ ሽሪምፕ ከነመረቁ ይፈስበታል።

በአንዳንድ ቤቶች ግን በቆሎው ከሳህኑ ወጥቶ አበባ ጎመን ተተክቷል። ምክንያቱ የስኳር ሕመም፣ ክብደት የመቀነስ ፍላጎት ወይም ከብርዕ እህሎች ሁሉ የራቀ የአመጋገብ ሥርዓት ነው። ለውጡ ለአንዳንዶች በእርግጥም ይጠቅማል። ሌሎች ደግሞ በቆሎ የሌለበት ጥፋት ተለጥፎበት ያለ ምክንያት ከሚወዱት ምግብ ይለያያሉ።

ከማለዳ ቁርስ የተነሣ

የምግቡ መነሻ የባሕር ዳርቻው ነዋሪዎች የማለዳ ቁርስ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች የሆኑት የጉላህ ጊቺ ማኅበረሰቦች፣ በመረብ ከወንዝ አፍና ከባሕር ወሽመጥ የሚያወጡትን ሽሪምፕ ከበቆሎ ጋር ይመገቡ ነበር። በቆሎን አልፍቶ ማብሰል ደግሞ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተወረሰ ነው።

ምግቡ ከአካባቢው ወጥቶ በመላው አገሪቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። እአአ በ1985 የኒው ዮርክ ታይምስ የምግብ ጸሐፊ ክሬግ ክሌይቦርን፣ በሰሜን ካሮላይናዋ ቻፕል ሂል ከተማ ‘ክሩክስ ኮርነር’ የተባለ ምግብ ቤት ስለነበረው ቢል ኒል መጻፉ ለዚህ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

በቆሎ ምን አጠፋ?

ብዙ ሰዎች ‘ከግሉተን ነፃ’ እና ‘ከእህል ነፃ’ የሚሉትን ሁለት ነገሮች ያምታታሉ። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስ እና ‘ራይ’ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። በበቆሎ ውስጥ የለም፤ በጤፍም እንዲሁ። ስለዚህ ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው፣ ከስንዴ ጋር ሳይነካካ እስከተፈጨ ድረስ፣ የበቆሎ ግሪትስ መብላት ይችላል። ከብርዕ እህሎች ሁሉ የራቀ አመጋገብ ግን በቆሎን፣ ሩዝን፣ ማሽላን፣ ጤፍንም ጭምር ይከለክላል። ይህን ሥርዓት አጥብቆ የሚከተል ሰው እንጀራም አይበላም ማለት ነው።

ሴሊያክ እንዳለበት የሚጠረጥር ሰው ምርመራ ከማድረጉ በፊት ግሉተን ያላቸውን ምግቦች ማቆም የለበትም። የደም ምርመራውም ሆነ ከአንጀት የሚወሰደው ናሙና ሕመሙን የሚያሳየው ሰውነት ከግሉተን ጋር እየተገናኘ ባለበት ጊዜ ነው። በራሱ ፈቃድ ለወራት ያቆመ ሰው፣ ሕመሙ እያለበት ‘የለብህም’ ሊባል ይችላል።

የስኳር ሕመምተኞች ጉዳይ ግን የተለየ ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ግሪትስ ከ30 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ሲይዝ፣ በተመሳሳይ ኩባያ ያለ አበባ ጎመን የሚይዘው 5 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ በደም ስኳር ላይ በግልጽ ይታያል። ሆኖም ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳርን የሚያወርዱ አንዳንድ እንክብሎችን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ሳያስተካክል ካርቦሃይድሬት በድንገት ቢቀንስ፣ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድና ራሱን ሊያስተው ይችላል። አስቀድሞ ሐኪምን ማማከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በቆሎ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ሲወቀስ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቆዳን የሚልጥና አእምሮን የሚያውክ ፔላግራ የተባለ በሽታ በአካባቢው ድሆች ላይ በርትቶ ነበር። ብዙዎች ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እአአ ከ1914 ጀምሮ ያጠናው ሐኪሙ ጆሴፍ ጎልድበርገር ግን መንስኤው የተመጣጠነ ምግብ ማጣት መሆኑን አሳየ። ሰዎቹ ከበቆሎ ሌላ የሚበሉት እምብዛም አልነበራቸውም።

ችግሩ ውኃ ነው

በቆሎ በድስቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አለ። ሲበስል ስታርቹ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፤ ምግቡም ወፍሮ መረቁን ይሸከማል። አበባ ጎመን ይህን ማድረግ አይችልም። ከክብደቱ ከአሥር ዘጠኝ እጅ የሚበልጠው ውኃ ሲሆን፣ ውኃውን የሚይዝ ስታርች የለውም ማለት ይቻላል። ቀቅለው የሚፈጩት ሰዎች መጨረሻ ላይ ሾርባ የሚመስል ነገር የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

የተሻለው መንገድ ጥሬውን አበባ ጎመን የሩዝ ፍሬ እስኪያክል መፈቅፈቅ ነው። ከዚያም በሰፊ መጥበሻ ላይ፣ ያለ ክዳን፣ ለጥቂት ደቂቃዎች በደረቁ እያማሰሉ እንፋሎቱን ማስወጣት። ለአራት ሰው አንድ መካከለኛ አበባ ጎመን ይበቃል። ውኃው ከወጣ በኋላ ጥቂት መረቅ፣ ቅቤና የተፈቀፈቀ ቼዳር አይብ ይገባበታል። ግማሹን ብቻ መዳመጥ የግሪትስን ሻካራነት ያስቀራል፤ ሁሉንም ማላም ግን የሕፃን ምግብ ያደርገዋል።

የመረቁ ጉዳይ ከአይቡም ይበልጣል። የሽሪምፑን ቅርፊት ከመጣል ይልቅ ከሽንኩርት ጋር ለ20 ደቂቃ ያህል ቀቅሎ ማጥለል፣ በቆሎው ሲወጣ የጎደለውን ጣዕም ይመልሳል። ሽሪምፑ ራሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠበሰው። ቀልቶ በግማሽ ሲታጠፍ በስሏል፤ ክብ ሆኖ ከተጠቀለለ ጠንክሯል።

እህል በጓሮ በርም ይገባል። መረቅ ለማወፈር የሚነሰነሰው ነጭ ዱቄት ስንዴ ነው፤ ‘ኮርን ስታርች’ም በቆሎ ነው። በቋሊማና በተዘጋጁ ቅመሞች ውስጥም ስንዴ ሊኖር ስለሚችል ማሸጊያውን ማንበብ ግድ ነው። መረቁን በእሳት ማትነን ከሁሉም ይሻላል። ማወፈሪያ የፈለገ ሰው ከእንሰት የሚገኘውን ቡላ በጥቂቱ መጠቀም ይችላል፤ እንሰት የብርዕ እህል አይደለምና። ነገር ግን ቡላ ስታርች በመሆኑ ለስኳር ሕመምተኛ መጠኑ መታየት አለበት።

በሃይማኖት ሥርዓት ምክንያት ሽሪምፕ ለማይበሉ፣ ለምሳሌ ለበርካታ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን፣ ምግቡ የተዘጋ በር አይደለም። ‘ዓሣ እና ግሪትስ’ በደቡብ ግዛቶች ያልተናነሰ ተወዳጅ ቁርስ ነው። የአሳማ ስቡንም ቅቤ ወይም ዘይት ይተካዋል።

አንድ ነገር ግን አበባ ጎመኑ አይሆንለትም። የደቡብ ቤተሰቦች የተረፈውን ግሪትስ አሳድረው፣ ሲረጋ ቆራርጠው በማግሥቱ ይጠብሱታል። የአበባ ጎመኑ ትራፊ አይረጋም። እንቁላል ተመትቶበት፣ አይብ ተጨምሮበት፣ በማንኪያ ትንሽ ትንሹ ከተጠበሰ ግን ለቁርስ ይደርሳል።