ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት አይሱዙዎች በአብዛኛው ማርሻቸው በእጅ የሚቀየር ነው። የእነዚህን ካምቢዮ የከተማው መካኒክ በድምፁ ይለየዋል፤ ፍሪሲዮን ሲያልቅ፣ ኩሽኔታ ሲበላ፣ ጥርስ ሲሰበር ምን እንደሚል ሲሰማ ኖሯል። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ግን ለአካባቢው ጋራዦች ገና እንግዳ ነው። የመጣው በደብል ጋቢና ፒካፖች፣ በፕሮጀክትና በአስጎብኚ መኪኖች ነው። ከእንዲህ ያለ ፒካፕ ወለል ሥር ኳኳታ የተሰማ ዕለት ባለቤቱ የሚሰማው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ።»

ይህ ፍርድ ከምርመራው በኋላ እንጂ ከምርመራው በፊት መምጣት የለበትም። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያለ በቂ ምክንያት ከተፈታ ብሶበት ሊመለስ ይችላል። ውስጡ ትንሽ አሸዋ አይችልም፤ ለመፍታትና ለመግጠም ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፤ መለዋወጫው ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ ይጠበቃል። ድምፁን በጥሞና ማዳመጥ ግን ምንም አያስከፍልም።

ድምፁን ለመረዳት ማሽኑን ማወቅ ይጠቅማል። ኃይልን በፈሳሽ የማስተላለፍ ሐሳቡ የተወለደው ለመርከብ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኸርማን ፎቲንገር በጣም ፈጣኑን የእንፋሎት ተርባይን ቀስ ብሎ መዞር ካለበት የመርከብ ፕሮፔለር ጋር በፈሳሽ አማካይነት የሚያገናኝ መሣሪያ ፈልስፎ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ሙሉ ኦቶማቲክ ካምቢዮ፣ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ ወጣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአሜሪካ ታንኮች ውስጥ ገብቶ ሠራ።

ዛሬ ፒካፕ ሥር ያለው የእነዚያ ዝርያ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ በዘይት የተሞላ ክብ ብረት አለ። ሞተሩ የኮንቨርተሩን ቅርፊት ያዞራል፤ ቅርፊቱ ላይ ያሉት ክንፎች ዘይቱን ፊት ለፊታቸው ወዳለው ተርባይን ይወረውራሉ፤ ተርባይኑ ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዘንግ ያዞራል። በሁለቱ መካከል ስታተር የሚባል ሌላ ክንፍ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ ያስይዘዋል። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የሞተሩ የማዞር ጉልበት እስከ ሁለት እጥፍ ገደማ የሚያድገው በዚህ ዘዴ ነው። ከኮንቨርተሩ በስተኋላ የዘይት ፓምፕ፣ ከዚያም ፕላኔታሪ የሚባሉት የጥርስ ስብስቦች ይከተላሉ፦ መሀል ላይ አንድ ጥርስ፣ ዙሪያውን የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጥርሶች፣ ከውጭ ሁሉንም ያቀፈ ቀለበት። ከነዚህ የትኛው እንደሚያዝና የትኛው እንደሚለቀቅ የሚወስኑት በዘይት ግፊት የሚጨመቁ የፍሪሲዮን ሳህኖች ናቸው፤ ግፊቱን የሚያከፋፍለው ደግሞ በኮምፒዩተር የሚታዘዘው ቫልቭ ቦዲ ነው። እንግዲህ ዘይት እዚህ ማለስለሻ ብቻ አይደለም። ኃይል የሚያስተላልፈው፣ ማርሽ የሚቀይረው፣ ሙቀት ይዞ የሚወጣውም እሱ ነው። (ሁለት ፔዳል ብቻ ያላቸው አንዳንድ ከባድ የጭነት መኪኖች ውስጣቸው የተለመደው ማኑዋል ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን ኮምፒዩተር የሚያንቀሳቅስላቸው ናቸው፤ ይህ ጽሑፍ ስለ እነሱ አይደለም።)

ኳኳታ ሲሰማ ሁሉም የሚጠይቀው «ከየት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ግን ያሳስታል፤ ብረት ድምፅን ይሸከማልና ከሞተሩ ፊት የተነሣ ኳኳታ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ሊሰማ ይችላል። የሚያዋጣው «መቼ ነው?» የሚለው ነው። ቆሞ ሳለ ነው ወይስ ሲሄድ? ዲ (የፊት ማርሹ) ሲገባ ይጠፋል ወይስ ይብሳል? የሚፈጥነው ከሞተሩ ጋር ነው ወይስ ከጎማው ጋር? በአቀማመጧ አርባ ምንጭ ለዚህ ምርመራ የተመቸች ናት። ሲቀላ ሜዳ ናት፤ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገት አለ፤ በላንቴ አድርጎ ወደ ምዕራብ አባያ የሚወስደው መንገድ ፍጥነት ሳይለዋውጡ የሚነዱበት ነው፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የዶርዜና የጨንቻ ተራራ ቆሟል።

ሲቀላ ላይ፣ መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ማርሹ ፒ (ማቆሚያው) ላይ ሆኖ ይጀመር። ኳኳታው በዚህ ሁኔታ ከተሰማ፣ ጎማ አልዞረምና ክሮቼራው (ካምቢዮውን ከኋላ ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ መጋጠሚያ) እና ዲፈረንሻሉ ከተጠርጣሪነት ወጡ። ከሞተሩ ጋር ከሚዞሩት በፊት ግን በዙሪያቸው የታሰሩት ይታዩ። በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ሙቀት እንዲከላከል የተገጠመው ቆርቆሮ ኮሮኮንች መንገድ ብሎኑን ያላላዋል፣ ዝገት ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ነዳጅ ቀስ እያሉ ሲሰጡ በአንድ የሞተር ፍጥነት ላይ ብቻ ተንቀጭቅጮ ከዚያ ሲያልፍ የሚጠፋ ቀጭን ድምፅ ብዙውን ጊዜ የእሱ ነው። ጭስ ማውጫው ሲቀዘቅዝ በእጅ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። የዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦዎች ሻንሲውን እየመቱ እንደሆነ፣ ከካምቢዮው ፊት ያለው ስስ ክዳን ድንጋይ ነክቶት ጎብጦ ከውስጥ የሚዞረውን እየነካ እንደሆነም ይታይ። እነዚህን ለማየት ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያለውን ጠንከር አድርጌ ልናገር፤ ገንዘብ በከንቱ የሚፈስሰው እዚህ ላይ ነውና። በማኑዋል መኪና ከባዱ ቮላኖ በሚቀመጥበት ቦታ ኦቶማቲኩ ፍሌክስ ፕሌት የሚባል ስስ የብረት ሰሌዳ አለው። መሀሉ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ታስሯል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ኮንቨርተሩ በብሎኖች ተይዞበታል። ኮንቨርተሩ ሲሞቅና ግፊት ሲያገኝ መጠኑ ጥቂት ስለሚለዋወጥ ሰሌዳው እንዲተጣጠፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ዘመኑን ሙሉ የተተጣጠፈ ብረት ደግሞ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፣ ያውም ብዙውን ጊዜ በመሀለኞቹ ብሎኖች ዙሪያ። የተሰነጠቀ ሰሌዳ ወይም የላላ የኮንቨርተር ብሎን የሚያሰማው ኳኳታ የቢየላ ብሮንዚን (የፒስተን ዘንግ ኩሽኔታ) ካለቀበት ሞተር ድምፅ ጋር በጣም ይቀራረባል። በዚህ የተነሣ ጤነኛ ሞተር ይፈታል፣ ጤነኛ ካምቢዮም ይበተናል።

መለያው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ፒ ላይ ሲንኳኳ ቆይቶ፣ ፍሬን ተረግጦ ዲ ወይም አር (የኋላ ማርሹ) ሲገባ ሰሌዳው ጭነት ያርፍበታልና ድምፁ ይለወጣል፤ አንዳንዴም ፀጥ ይላል። ከዚያ ሞተሩ ይጥፋ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ ከሥር ያለው የመመልከቻ ክዳን ይነሣ፤ ሞተሩን በመፍቻ በእጅ እያዞሩ የኮንቨርተሩ ብሎኖች አንድ በአንድ ይሞከሩ፤ ሰሌዳውም በእጅ መብራት ይመርመር። ጣጣው ሁሉ አንድ ብሎን በማጥበቅ ሊያልቅ ይችላል። ሰሌዳው ተሰንጥቆ ከሆነ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም፤ የሚወርደው ግን ሰሌዳው እንዲቀየር እንጂ ራሱ እንዲፈታ አይደለም። ባለቤቱ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ይህን ልዩነት ጠይቆ ይወቅ።

በዚህ ሥራ ላይ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ማርሽ ገብቶ ድምፅ ሲዳመጥም ከመኪናው ፊትና ኋላ ሰው አይቁም። ፍሬን ረግጦ ዲ ላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻው መስጠትን እንደ ፈተና የሚጠቀሙ አሉ፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ከቆየ ዘይቱን ያቃጥለዋል፤ ልምዱ የሌለው ባይሞክረው እመርጣለሁ።

ፒ ላይ ዝም ብሎ የሴቻ ዳገት ላይ የሚንኳኳ መኪና ሌላ ታሪክ አለው። ካምቢዮውን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው የጎማ መቀመጫ ከተቀደደ፣ ሞተሩ ጉልበት ሲያወጣ ካምቢዮው ብድግ ብሎ ወለሉን ወይም የጭስ ማውጫውን ቱቦ ይመታል። ከዲ ወደ አር ሲቀየር አንዴ «ጓ» የሚል ከሆነ ክሮቼራው ይፈተሽ። ቤንዚን መኪና ላይ ደግሞ ዳገት ሲወጣ የሚሰማው ጥርት ያለ ኳኳታ ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሞተር ጉዳይ ነው፣ ካምቢዮውን አይመለከተውም።

የላንቴ መንገድ የሚገልጠው ሌላ ነው። ኮንቨርተሩ ውስጥ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ በቀላል ነዳጅ ሲኬድ ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያያይዝ ፍሪሲዮን አለ። ይህ ሲያረጅ ወይም ዘይቱ ሲበላሽ መኪናው በደህና አስፋልት ላይ እየሄደ ኮሮኮንች የገባ ይመስል ይንቀጠቀጣል። ፈተናው ቀላል ነው፦ የነዳጅ ፔዳሉን ሳይለቁ ፍሬኑን በግራ እግር ነካ ማድረግ። የፍሬን መብራት ማብሪያው ለኮምፒዩተሩ ይነግራል፣ ማያያዣው ይላቀቃል፤ መንቀጥቀጡ በዚያው ቅጽበት ከቆመ ጥፋቱ የማያያዣው ነው። ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት ትክክለኛውን ዘይት መቀየር የሚያድነው ጊዜ አለ።

በአንዳንድ ማርሽ የሚያፏጭና የሚፈጭ፣ ጉልበት በቀጥታ በሚያልፍበት ማርሽ ግን የሚጠፋ ድምፅ ካለ ፕላኔታሪዎቹ ይጠርጠሩ፤ በዚያ ማርሽ ላይ ስብስቡ እርስ በርሱ ሳይፋጭ አንድ ላይ ይዞራልና። እዚህ ላይ ደርሶ «ይውረድ» የሚል መካኒክ ትክክል ነው።

ከዚያ በፊት ግን ዘይቱ ይታይ። መለኪያ ዘንግ ባለው መኪና፣ ካምቢዮው ሞቆ፣ ሜዳ ላይ፣ በአብዛኛው ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካው፤ የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተር ጠፍቶ ስለሆነ ብዙዎች እዚህ ይሳሳታሉ። የዘይት ቋቱ፣ ኮፓው፣ ሲወርድ በውስጡ ማግኔቶች አሉ። ማግኔቱ ላይ ያለ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ የተለመደ እርጅና ነው። ስንጥር ብረት ከተገኘ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው፤ ጥቁር ፍርፋሪና የተቃጠለ ሽታ ከፍሪሲዮን ሳህኖቹ ነው። ከሞተሩ ጋር እየጨመረ የሚያፏጭ ፓምፕም ብዙ ጊዜ የሚለምነው ዘይት ወይም ያልተዘጋ ፊልትሮ ነው። የሚጨመረው ዘይት አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ይሁን፤ ቀለሙ ቀይ መሆኑ ብቻ አይበቃም።

አርባ ምንጭ ያለችበት የጋሞ ዞን መሬት ይህን ዘይት ይፈትነዋል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ወደ 2700 ሜትር ትጠጋለች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ሹፌሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ ኮንቨርተሩ ሳይያያዝ እየተንሸራተተ ይሠራል፣ ያ መንሸራተት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ጭነት የያዘ ፒካፕ ወደ ዶርዜ ሲወጣ ዲ ላይ ተትቶ ማርሽ ሲያምታታ ከሚውል ዝቅ ባለ ማርሽ ተይዞ ቢወጣ ይሻለዋል፤ ሲወርድም እንዲሁ፣ ለፍሬኑ ሲባል።

መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ ተገፍቶ አይነሣም። በገመድ መጎተትም እንደ ማኑዋሉ አይደለም፤ ሞተሩ ከጠፋ የዘይት ፓምፑ አይዞርም፣ ካምቢዮው ግን ከጎማው ጋር በደረቁ ይዞራል። ከኋላ ጎማ ወደ ካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ ካልተፈታ፣ ወይም መኪናው በሌላ መኪና ላይ ካልተጫነ፣ ጤነኛው ካምቢዮ ጋራዥ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የጀመረ ነው፤ ስለ ውሃ የሚያስተምር ደግሞ ፈሳሽ ግፊትና ኃይል ይዞ እንዴት እንደሚሄድ ያስተምራል። ኦቶማቲክ ካምቢዮ የዚያው ትምህርት ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲውና የከተማው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አንድ ያረጀ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የሲቀላንና የሴቻን መካኒኮች ለአጭር ሥልጠና ቢጠሯቸው፣ የዞኑ ባለመኪና ሁሉ ይጠቀማል። ይህን ጥሪ እንዲሰሙ እጠይቃለሁ።