አዲስ ጽሑፍ ወደ ውክፔዲያ መዝገበ ዕውቀት ስለሚገባበት መንገድ

በሮቤ፥ በጎባና በሲናና ወረዳ የሚገኝ ነጋዴ ከሩቅ አገር ደንበኛ ጋራ በሚጻጻፍበት ጊዜ፥ ደንበኛው የስንዴውን ናሙና ከማየቱ አስቀድሞ የአገሩንና የድርጅቱን ስም በኢንተርኔት መመርመሩ የታወቀ ነው። በዚህ ምርመራ ከሁሉ ቀድመው ከሚገኙት ጽሑፎች መካከል ውክፔዲያ የተባለው መዝገበ ዕውቀት አንዱ ነው። ስለዚህ ብዙ ድርጅቶችና ማኅበራት ስማቸው በዚህ መዝገብ እንዲገባ ይመኛሉ። ነገር ግን ከሚቀርቡት ጽሑፎች ብዙዎቹ ተቀባይነት ሳያገኙ ይመለሳሉ። ምክንያቱን ማወቅ ድካምንም ገንዘብንም ከከንቱ ወጪ ያድናል።

ውክፔዲያ የተመሠረተው በጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊዎቹም መርማሪዎቹም ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚዘጋጁ ክፍሎችም አሉት፤ እያንዳንዱም ቋንቋ የራሱን ዝርዝር ደንብ ያወጣል። ከዚህ በታች የምንገልጸው በተለይ የእንግሊዝኛውን ነው፤ የውጭ አገር ገዢ የሚያነበው እርሱን ነውና።

ዋናው ደንብ እንደሚከተለው ነው። አንድ ነገር በመዝገቡ እንዲገባ ከባለጉዳዩ ጋራ ጥቅም የሌላቸው የታመኑ ጸሐፊዎች አስቀድመው በሰፊው የጻፉበት መሆን አለበት። ሰው በራሱ ጉዳይ ምስክር ሊሆን እንደማይችል ሁሉ፥ ድርጅትም ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል ለዚህ አይበቃም። የንግድ ፈቃድ፥ የድርጅቱ በራሪ ጽሑፍ፥ የራሱ የቴሌግራምና የፌስቡክ ገጽ፥ ተከፍሎበት በጋዜጣ የወጣ ማስታወቂያ፥ ሥራ አስኪያጁ ስለ ድርጅቱ የሰጠው ቃለ ምልልስ፥ እነዚህ ሁሉ የባለጉዳዩ ቃል ሆነው ይቈጠራሉ። የንግድ ምክር ቤት ጋዜጣ ስለ አባሎቹ የሚጽፈውም ቢሆን ከወገንተኝነት ነጻ ነው ተብሎ በቀላሉ አይታመንም።

ይህ ደንብ ታላላቆችንም አይምርም። ዶና ስትሪክላንድ ስለምትባል የካናዳ የፊዚክስ ሊቅ የቀረበ ረቂቅ በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. በቂ ምስክር አልቀረበበትም ተብሎ ተመለሰ። መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ግን ሴትዮዋ የኖቤል ሽልማት ተሸለመች። ከዚህ እንደምንረዳው ረቂቅ ተመለሰ ማለት ሥራው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በረቂቁ የተጠቀሰው ማስረጃ አላረካም ማለት ነው።

አቀራረቡ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ በራስ ስም መለያ ከፍቶ በቆዩት ጽሑፎች ላይ ጥቂት እርማት በማድረግ ልምድ ማግኘት ይገባል። መለያው አራት ቀን ሳይሞላውና ዐሥር እርማት ሳይፈጸምበት አዲስ ጽሑፍ በቀጥታ ማውጣት አይቻልም። ረቂቅ ለመርማሪ ማቅረብ ግን ይቻላል።

ሁለተኛ፥ ከመጻፍ በፊት ማስረጃውን መሰብሰብ ነው። ማስረጃው የግድ በኢንተርኔት የሚገኝ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ መሆን የለበትም። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የታተመ መጽሐፍና ጋዜጣ፥ የጸሐፊው ስም፥ ዓመተ ምሕረቱና ገጹ በትክክል ከተጠቀሰ ይቀበሉታል።

ሦስተኛ፥ ጽሑፉ ያለ ውዳሴ መጻፍ አለበት። «ተወዳዳሪ የሌለው» ወይም «በጥራቱ የታወቀ» የሚል ቃል መርማሪውን ያስጠረጥራል። ከሌላ መጽሐፍ ቃል በቃል መገልበጥም የተከለከለ ነው።

አራተኛ፥ ጸሐፊው የድርጅቱ ሠራተኛ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ማስታወቅ አለበት። ለመጻፍ ደመወዝ የሚቀበል ሁሉ አሠሪውን እንዲገልጽ ከሰኔ ወር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል።

አምስተኛ፥ ረቂቁ ቢመለስ መርማሪው የጻፈውን ምክንያት አንብቦ፥ አስተካክሎ እንደ ገና ማቅረብ ይቻላል። ስድስት ወር ሳይነካ የቀረ ረቂቅ ግን ሊሰረዝ ይችላል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በነሐሴ ወር 2007 ዓ.ም. ውክፔዲያ 381 መለያዎችን በአንድ ጊዜ አገደ። የመለያዎቹ ባለቤቶች ረቂቃቸው የተመለሰባቸውን ትንንሽ ድርጅቶች እየፈለጉ፥ «ገንዘብ ክፈሉ፥ እናስገባላችኋለን» ይሉ ነበር፤ ከገባም በኋላ «እንዳይሰረዝ እንጠብቅላችሁ» እያሉ ደግመው ይጠይቁ ነበር። መዝገቡ ስለ ምዝገባ አንድ ሳንቲም አይቀበልም፤ መግባቱንም ሆነ ጸንቶ መኖሩን አረጋግጣለሁ ብሎ ዋጋ የሚቀበል ሰው የማይችለውን ነገር ይሸጣል።

ደግሞም ጽሑፉ አንዴ ከገባ በኋላ የድርጅቱ ንብረት አይደለም። ማንም ሰው ማስረጃ ይዞ መልካሙንም ክፉውንም ሊጨምርበት ይችላል። በነጻ ፈቃድ የተሰጠ ፎቶግራፍም ለንግድ ጭምር ማንም ሊጠቀምበት ስለሚችል፥ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ መልሶ መውሰድ አይቻልም።

እንግዲህ ለአገራችን የሚሻለው ከድርጅት ስም ይልቅ በአገሩ ስም መጀመር ነው። ስለ ከተሞችና ወረዳዎች የሚጻፈው ከድርጅት ይልቅ በቀላሉ ተቀባይነት ያገኛል። ማስረጃውም አለ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ፥ በጀርመን አገር በአምስት ጥራዝ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ፥ የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልና የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በታወቁ መጽሔቶች ያሳተሟቸው ጥናቶች ይገኛሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሲናና ስንዴ፥ ስለ ሮቤ ገበያና ስለ ጎባ ታሪክ በማስረጃ የተደገፈ ጽሑፍ ቢበረክት፥ የውጭው ገዢ የነጋዴውን ስም ባያገኝ እንኳ ስንዴው የበቀለበትን አገር ያውቃል።

የድርጅት ስም ግን ጊዜውን መጠበቅ አለበት። መዝገበ ዕውቀት አስቀድሞ የተጻፈውን ይሰበስባል እንጂ ያልተጻፈውን አይፈጥርም። ስለዚህ ነጋዴው መዛግብቱን በሥርዓት ያኑር፤ ተመራማሪና ጋዜጠኛ በመጣ ጊዜም ሳይደብቅ ያሳይ። ዛሬ በጥንቃቄ የተቀመጠ ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ ነገ ለታሪክ ጸሐፊ ምስክር ይሆናል፤ የታሪክ ጸሐፊው መጽሐፍ ደግሞ ወደ መዝገበ ዕውቀት የሚያስገባ በር ነው።