ለቬንትሌተሩ የተተወች አውራ ጣት

የአሮጌ ላንድክሩዘር ኮፈን ሲከፈት ከፊት ራዲያተሩ፣ ከኋላው ደግሞ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞረው ቬንትሌተር ይታያል። በሁለቱ መካከል የተተወው ባዶ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ አውራ ጣት ያህል። ይህ ቦታ ሲጠብ መኪናው ወዲያው አይቆምም። መጀመሪያ ጉድጓድ ሲመታ ወይም ፍሬን ሲያዝ ብቻ የመፋቅ ድምፅ ይሰማል። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ድምፁን እየሰማ «እስከ አዲስ አበባ ያደርሰኛል» የሚል ሾፌር የዓባይን በረሃ ከሒሳብ አላስገባም።

ደብረ ማርቆስም ደጀንም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከደጀን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ እስከተመረቀው የዓባይ ድልድይ ድረስ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ከፍታ ይወርዳል፤ ከዚያ እስከ ጎሃ ጽዮን የወረደውን ያህል ይወጣል። ሁሉም በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው አፍንጫውን ደፍቶ ፍሬን ሲይዝ የሞተሩ ክብደት ወደ ፊት፣ ወደ ራዲያተሩ ይገፋል። አቀበቱ ላይ ደግሞ በከባድ ማርሽ እያዘገመ ስለሚወጣ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም ማለት ይቻላል፤ ማቀዝቀዙ በሙሉ በቬንትሌተሩ ላይ ይወድቃል።

ደጋው ራሱ ሌላ ጣጣ ይጨምራል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቬንትሌተሩ እኩል ቢዞርም የሚስበው አየር ያን ያህል ይቀንሳል። ውሃውም ክፍት ከሆነ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ መፍያውን ከፍ ያደርግለታል፤ ጎማው ያረጀ ክዳን ደጋ ላይ ከቆላው ይልቅ ዋጋ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። ስለዚህ የደጋ መኪና ቬንትሌተሩ ወደ ራዲያተሩ ቀረብ ቢልለት፣ ዙሪያውን የሚከበው የቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ከለላም ጠበቅ ቢልለት ይጠቀማል። ክፍተቱ ከሰፋ አየሩ በራዲያተሩ በኩል በመሳብ ፈንታ በክንፎቹ ጫፍ ዞሮ ይመለሳል።

ታዲያ ፋብሪካው ለምን ይበልጥ አላስጠጋውም? ራዲያተሩ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ነው፤ ሞተሩ ግን የተቀመጠው በጎማ ሱፖርቶች ላይ ነው። ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ወደ ጎን ያጋድላል። የ40 ሴንቲ ሜትር ቬንትሌተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በዚህ ፍጥነት የራዲያተር ቱቦ የነካ ክንፍ ቱቦውን ይቀደዋል። (የቮልስ ባለቤቶች እዚህ ላይ ፈገግ ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ የነሱ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የሚባል ነገር የለውም።)

ቬንትሌተሩ ተፋቀ ማለት አንድ ነገር ቦታውን በልቶበታል ማለት ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሱፖርቱ ነው፤ ዘይት ሲንጠባጠብበት የኖረ ጎማ ይላሽቃል፣ ሞተሩም ይቀመጣል። ሁለተኛው የውሃ ፓምፑ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቬንትሌተሩ በእጅ ሲወዘወዝ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል። ፓምፑ አዲስ ከሆነም አፍንጫው ከአሮጌው የረዘመ እንዳይሆን ጎን ለጎን አድርጎ መለካት ነው። የቤንዚን ሞተር ወጥቶ የናፍጣ የገባበት መኪና፣ ባለ ሁለት ረድፍ ራዲያተሩ በባለ ሦስት ረድፍ የተተካለት፣ ከፊት ተጋጭቶ የተቃና፣ ሁሉም ቦታ ይሻማሉ። ከጮቄ ተራራ የሚነሱት እንደ ጨሞጋና ሙጋ ያሉ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ደግሞ ድልድይ በሌለበት የሚሻገር መኪና ሌላ አደጋ አለበት። ክንፎቹ ውሃውን ሲቀዝፉ ወደ ፊት ይለመጡና ራዲያተሩን ይመታሉ። የድሮ ላንድሮቨር ሾፌሮች ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ቺንጋውን የሚያወልቁት በከንቱ አልነበረም።

ፈጣኑና መጥፎው መፍትሔ ክንፉን በግራይንደር መላግ ነው። ሚዛኑ የተዛባ ቬንትሌተር የፓምፑን ኩሽኔታ ያናውጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ወጪ ይመጣል። ክንፍን ወደ ኋላ ማጉበጥም ያው ነው፤ ብረቱ ሥሩ ላይ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ክንፍ መበየድ የለበትም፣ ይጣላል።

ሱፖርቱ ይቀየር፤ ከዚያ እንደገና ይለካ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ካላበቃ የራዲያተሩን መያዣ ብሎኖች ፈትቶ ቀዳዳዎቹን በማርዘም ወይም ሮንዴላ በማስገባት ራዲያተሩን ወደ ፊት መግፋት ይቻላል፤ ኮፈኑ መዘጋቱን ግን አስቀድሞ ማየት ነው። ራዲያተሩ ሲሄድ ከለላው አብሮት ይሄዳል። ክንፎቹ ግማሽ ያህል ከለላው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆነው ካልቀሩ የተገኘው ቦታ በሙቀት ይከፈላል፤ ስለዚህ ከለላው ወደ ኋላ መርዘም አለበት። በፓምፑና በቬንትሌተሩ መካከል ማራቂያ ብረት ካለ በቀጭን መተካት ከሁሉ ይቀላል።

የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ራዲያተሩ ላይ ስለሚታሰር አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ለከተማ ላዳ ጥሩ ነው። ጭኖ ከዓባይ ለሚወጣ መኪና ግን፣ ዲናሞው በአሮጌ አቅሙ ያንን ሁሉ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱ ካልተረጋገጠ እኔ አልመክርም።

ፍተሻው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ይደረግ። የተለመጠ ክንፍ የሚነካው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ቬንትሌተሩን በእጅ ሙሉ ዙር ማዞር ያስፈልጋል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነጠላ ወይም ፎጣ አንገቱ ላይ የጣለ ሰው ወደ ኮፈኑ አይጠጋ። ለመንገድ ሙከራ የከለላው የውስጥ ጠርዝ ጠመኔ ይቀባና ደጀን ቁልቁለት ደርሶ መመለስ ነው። ጠመኔው ከታች ከተፋቀ ሞተሩ አሁንም ተቀምጧል፤ ከጎን ወይም ከላይ ከተፋቀ ነዳጅ ሲረገጥ እያጋደለ ወይም እየተነሳ ነውና አንደኛው ሱፖርት ተበጥሷል ማለት ነው።