ጦም እና ጾም በአንድ ቤት

በአዊ ዞን በጥርባ፥ በአንድ ምድጃ ዙሪያ፥ አያት «ዛሬ ጦም ነው» ቢሉ ተማሪው የልጅ ልጃቸው «እምዬ፥ ጾም በይ እንጂ» ብሎ ያርማቸው ይሆናል። ቤተ ሰቡ ይሥቃል፤ አያትም አፍረው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን ይህ ዝምታ ነው፤ አያት አልተሳሳቱምና።

ግዕዝ በ‹ጸ› እና በ‹ፀ› ጠብቆ ያቈየልንን ድምፅ አማርኛ በብዙ ቃላት ወደ ‹ጠ› ለውጦታል። ነገር ግን ቃላቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አልለወጠም፤ በየተራ ነካቸው እንጂ። ጽፍር ጥፍር፥ ጽምእ ጥም፥ ጽላሎትም ጥላ ከሆኑ ብዙ ዘመን ነው፤ ዛሬ «ጽፍሬን ቍረጪልኝ» የሚል ልጅ ቢገኝ የሚሣቀው በእርሱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የማይርቁት ጽድቅ፥ ጽጌና ጽላት ግን እንደ ጥንቱ ቀሩ። ክርክሩ ያለው በመካከል በቀሩት ነው፤ ፀሐይና ጠሐይ፥ ጸጉርና ጠጉር፥ ጽዋና ጥዋ፥ ጻፈና ጣፈ። ጾም ደግሞ የቤተ ክርስቲያንም የማጀትም ቃል ስለ ሆነ፥ ከሁለት ወገን ቢጐተት አያስደንቅም።

በአውሮፓ፥ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ.፥ የላይፕዚግ ሊቃውንት የድምፅ ለውጥ ከሕጉ የሚያመልጥ ቃል እንደሌለ ያስተምሩ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ግን ዊልያም ዋንግ የተባሉት የቋንቋ ሊቅ፥ ለውጥ ከቃል ወደ ቃል እየተሻገረ ሊስፋፋ እንደሚችል፥ ሳይፈጽምም ሌላ ለውጥ ቢጋጠመው ከፊሉ ቃል ሳይነካ እንደሚቀር ጻፉ። በእኛም ዘንድ ትምህርት ቤት፥ መጽሐፍና ራዲዮ ‹ጸ›ን ስላጸኑት ወጣቱ ወደ ቀድሞው ድምፅ ይመለሳል። እንግዲህ ዘመናዊ የሚመስለው የልጁ አነጋገር አሮጌው ነው፤ አዲሱ የአያት ነው!

በጥርባ ሌላም ነገር አለ። አውኛ ‹ጠ›ን እና ‹ጸ›ን የመሰሉ፥ ጕሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱ ድምፆች የሉትም። ስለዚህ በአውኛ አፏን ፈትታ አማርኛን በኋላ ለተማረች እናት፥ ልጇ የሚያርምባት ድምፅም የሚያርምላት ድምፅም ሁለቱ እንግዶች ናቸው።

ልጁ ማረሙን ለጥቂት ቀን ይተወውና አያቱን ይጠይቅ። ጥዋ ይላሉን? ጠሐይስ? ጠሎትስ? የሰማውንም በደብተሩ ይጻፈው፤ አያቱ እንደሚሉትም ይጣፈው።