የኦኒዙካ ስም ያረፈባቸው ቦታዎች

ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር በጃንዋሪ 1986 እ.ኤ.አ. ከፍሎሪዳ በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ተበታትና ሰባት ጠፈርተኞች ሲሞቱ፣ አሜሪካ ስማቸውን ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ለመስጠት ጊዜ አልፈጀባትም። ከሰባቱ ብዙ የሚነገርላት መምህርቷ ክሪስታ ማካውሊፍ ናት። የስያሜን ዕጣ ማየት ለሚፈልግ ግን የባልደረባዋን የኤሊሰን ኦኒዙካን ስም መከተል ይሻላል። በእሱ ስም ከተጠሩት ውስጥ የፈረሰም፣ የተዘጋም፣ ከሞተ ከ31 ዓመት በኋላ የመጣም አለና።

ኦኒዙካ የጃፓን ስደተኞች የልጅ ልጅ ነው። የተወለደው በሃዋይ፣ ዛሬ ዓለም በቡናዋ በሚያውቃት በኮና ነው፤ ያደገውም በቡና ማሳ መካከል ነው። የአየር ኃይል መኮንንና መሐንዲስ ሆኖ በ1985 ወደ ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው እስያዊ አሜሪካዊ ለመሆን በቃ። ያ የመጀመሪያ ጉዞው የመከላከያው ምሥጢር ስለነበር የተጫነው ዕቃ ለሕዝብ አልተገለጸም።

ስሙ መጀመሪያ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱም እዚያው የምሥጢር ሰፈር ውስጥ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በሰኒቬል ከተማ የወታደር ሳተላይቶች የሚታዘዙበት የአየር ኃይል ጣቢያ በ1986 ኦኒዙካ ተባለ። የአካባቢው ሰው ግን ለጣቢያው የራሱ መጠሪያ ነበረው፤ መስኮት የሌለውን ሰማያዊ ሕንጻ አይቶ «ሰማያዊው ኪዩብ» ይለው ነበር። በ2005 መንግሥት የጦር ሰፈሮችን ሲቀንስ ጣቢያው ከሚዘጉት ዝርዝር ገባ፣ ሥራው ወደ ቫንደንበርግ የጦር ሰፈር ተዛወረ፣ ሕንጻውም በ2014 ፈረሰ። በመሬቱ ከፊል ላይ አሁን ኮሌጅ ቆሟል። ሥራው ከሰኒቬል ሲሄድ ስሙም አብሮ ሄደ። ለመታሰቢያ ሲባል የጦር ሰፈር ይኑር ብሎ የሚከራከር የለም፣ ሊኖርም አይገባም ነበር።

በሃዋይ፣ በማውና ኬያ ተራራ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ከባሕር ጠለል 4,200 ሜትር ከፍ በሚለው ጫፍ ላይ ትልልቅ ቴሌስኮፖች አሉ። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ተመራማሪዎቹ የሚያድሩት ወደ 2,800 ሜትር ወርደው ነው፤ ሌሊቱን ሲሠሩ አድረው ቀን የሚተኙትም እዚያው ነው። ማረፊያው ለኦኒዙካ ተሰየመ። ከሁሉ የሚስማማው ስያሜ ይህ ይመስለኛል። የደሴቲቱ ልጅ ስም በደሴቲቱ ተራራ ላይ፣ ሰማይ ለማየት ለሚወጡ ሰዎች ማደሪያ ሆኗል።

በሎስ አንጀለስ የጃፓናውያን ሰፈር ደግሞ አንድ አጭር መንገድ ስሙን ይዟል፣ የቻሌንጀር ሐውልትም ቆሞበታል። ከምድር በማይታየው የጨረቃ ገጽ ላይ ያለው በስሙ የተጠራ ጉድጓድ፣ ከስድስቱ ባልደረቦቹ ጉድጓዶች ጋር ጎረቤት ነው። ጨረቃ ላይ ቦታ የሚያስለቅቅ ስለሌለ ያ ስም አይሰጋም።

የሚቆጨው የኮናው ነገር ነው። በ1991 በኮና አውሮፕላን ማረፊያ ግቢ ውስጥ በስሙ አነስተኛ የጠፈር ሙዚየም ተከፈተ። ልጆች እየገቡ የጠፈርተኛ ልብስ ያዩ፣ መሣሪያውን በእጃቸው ይሞክሩ ነበር፤ ጎብኚም በረራውን ሲጠብቅ ጎራ ይል ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በ2016 አውሮፕላን ማረፊያው ሲታደስ ቦታው ለሌላ ሥራ ተፈለገና ተዘጋ። በዓመቱ፣ በ2017፣ አውሮፕላን ማረፊያው በሙሉ «ኤሊሰን ኦኒዙካ ኮና ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ» ተብሎ ተሰየመ።

ክብሩ በስፋት ጨምሯል፤ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠር መንገደኛ በስሙ ሥር ያልፋል። ይሁንና መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፈው ስሙ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ነው፤ ወደ ሙዚየሙ የገባ ልጅ ግን ሰውየው ማን እንደነበር ሳያውቅ አይወጣም ነበር። ሁለቱ አብረው መኖር ይችሉ ነበር። አዲስ ስም ለመስጠት የወጣው ጉልበት ጥቂቱ ለሙዚየሙ አንድ ክፍል ለማስቀረት ቢውል ኖሮ፣ የኮና ልጆች ዛሬም ከትምህርት ቤት ወጥተው የሚሄዱበት ቦታ በኖራቸው።